ፍየል የሚጠብቅ ቡልዶግ ይኖር ይሆን?

ደብዳቤው፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአትላንታ አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስነዳ ቦታ 8 ኤከር መሬት ገዝቼ 22 ፍየሎች አሉኝ። በዓል ሲመጣ ለሐበሻው እሸጣለሁ። ባለፈው ጥር ካዮቲ የሚሉት ቀበሮ መሳይ አውሬ ሦስት ግልገል በላብኝ። ስለዚህ ውሻ ያስፈልገኛል። ልጄ አቤል 12 ዓመቱ ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ነጭ ቡልዶግ በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ ‹ቡልዶግ ካልሆነ ይቅር› ብሏል። አንድ ሻጭ ደግሞ ‹የኔ የድሮው የእርሻ ቡልዶግ ነው፤ ፍየልም ቤትም ይጠብቃል፣ ከልጅ ጋርም ይጫወታል› ብሎ 1,800 ዶላር ጠየቀኝ። 300 ቀብድ አስይዝ እያለ ነው። ቡልዶግ በእርግጥ የሥራ ውሻ ነው? ልግዛ ወይስ ልተው? የአቤል አባት ነኝ።»

የአቤል አባት፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ግልገሎቹ አዝኛለሁ።

ቀብዱን አይስጡ። ሻጩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። የእርሻ ቡልዶግ በእውነት አለ። እንዲያውም ከመጥፋት ካተረፉት ሰዎች አንዱ እዚያው እርስዎ ያሉበት ጆርጂያ ይኖር ነበር። ነገር ግን ያ ውሻ እርሻ ላይ ሲሠራ የኖረው ሥራ እርስዎ ከሚፈልጉት ሥራ ጋር ይጣላል። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ቡልዶግ ማለት የኮርማ ውሻ ማለት ነው። ስሙ የሥራው ስም ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር ኮርማ ከመታረዱ በፊት ውሻ ይለቀቅበት ነበር። ኮርማው በረጅም ገመድ ከችካል ጋር ይታሰራል። ውሻው ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እየተሳበ ይጠጋል። ኮርማው አንገቱን ደፍቶ በቀንዱ አንስቶ ሊወረውረው ይጠብቀዋል። ውሻው የሚፈልገው አንድ ቦታ ነው፣ አፍንጫውን። ካገኘው ይነክሳል፣ ከነከሰ አይለቅም። በሬ በአፍንጫው ይዘው የሚያውቁ ከሆነ ያ ትልቅ እንስሳ ምን ያህል አቅም እንደሚያጣ አይጠፋዎትም።

ሰዎቹ እንዲህ ሲደረግ ሥጋው ይለሰልሳል ብለው ያምኑ ነበር። በአንዳንድ ከተሞች ውሻ ያልተለቀቀበትን ኮርማ ሥጋ የሸጠ ባለ ሉካንዳ ይቀጣ ነበር። እየቆየ ግን የሥጋው ነገር ወደ ጎን ተባለና ነገሩ የአደባባይ ጨዋታ ሆነ። ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ይወራረዳል። ለኮርማውም ለውሻውም ጭካኔ ነበር፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም።

በ1630ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስፔን፣ ሳን ሴባስቲያን ከተማ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ለንደን ላለ ወዳጁ የጻፈው ደብዳቤ አለ። አንድ ማስቲፍ ይልክለት ዘንድ ይለምናል። ከዚያ ደግሞ ሁለት ደኅና ቡልዶጎች ፈልግልኝ፣ በመጀመሪያው መርከብ ላክልኝ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱን ለይቶ መጻፉ ነው። ማስቲፉ ግቢ የሚጠብቀው ግዙፉ ውሻ ነው። ቡልዶጉ ከዚያ ያነሰ፣ ቀልጣፋ፣ የሚይዝ ውሻ ነው። ያኔም ቢሆን «ይጠብቅልኝ» እና «ይያዝልኝ» የተለያዩ ውሾች ነበሩ ማለት ነው። የአቤል አባት፣ የእርስዎ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው ያለው።

በ1835 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮርማ ላይ ውሻ መልቀቅን በሕግ ከለከለ። ጥሩ ሕግ ነበር። ውሻው ግን ሥራ ፈታ። ሥራ የሌለውን ውሻ ማን ይቀልባል? ቁጥሩ እየሳሳ ሄደ። ያተረፈው በዚያው ዘመን የተጀመረው የውሻ ትርዒት ነው። በ1875 ወዳጆቹ የቡልዶግ ክበብ አቋቋሙ። መልኩ እንዲህ ይሁን የሚል መለኪያ ተጻፈ፣ ዳኞች ተቀመጡ፣ ሽልማት ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ውሻው የሚመዘነው በሚሠራው መሆኑ ቀርቶ በመልኩ ሆነ። ጭንቅላቱ ትልቅ ሲሆን ተሸለመ፤ የበለጠ ትልቅ አደረጉት። ፊቱ ሲያጥር ተሸለመ፤ ይበልጥ አሳጠሩት። ደረቱ ሲሰፋ፣ እግሩ ሲያጥር፣ ቆዳው ሲታጠፍ እንዲሁ።

«አፍንጫው ወደ ኋላ የገባው ኮርማውን ነክሶ ሳለ እንዲተነፍስ ነው» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ሻጮች ይህን ይወዱታል። እኔ አልቀበለውም። በ1817 የተሳሉትን ክሪብና ሮዛ የሚባሉ ሁለት ውሾች ሥዕል ይመልከቱ። ኮርማ የሚያዝበት ዘመን ውሾች ናቸው። እግራቸው ረጅም ነው፣ አፋቸውም አፍ የሚባል ነው። የዛሬው ጠፍጣፋ ፊት የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ወዳጆቹ ራሳቸው ነገሩን ያዩት በ1894 ነበር። የዚያን ጊዜ ሁለት ስመ ጥር ቡልዶጎች ኪንግ ኦሪ እና ዶክሊፍ 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በእግር እንዲሄዱ ውድድር ተደረገ። ኪንግ ኦሪ የድሮዎቹን ይመስል ነበር፣ ቀለል ያለና ቀልጣፋ። ዶክሊፍ አጭርና ወፍራም ነው፣ የዛሬዎቹ ዓይነት። ኪንግ ኦሪ መንገዱን ጨረሰ። ዶክሊፍ መንገድ ላይ ወደቀ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ የተራባው እንደ ዶክሊፍ ያለው ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር እቆጫለሁ።

አሁን ወደ አቤል ውሻ ልምጣ። በቴሌቪዥን ያየው ኡጋ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ከ1956 ጀምሮ በዚህ ስም ነጭ የእንግሊዝ ቡልዶጎችን እያከታተለ ይዟል። አቤል ቀይ ማልያውን አይቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ጨዋታ ውሻው የተቀመጠበትን እንዲያይ ይንገሩት። ሜዳው ዳር ኤር ኮንዲሽነር ያለው ቤት አለው። ሲሞቅ የበረዶ ከረጢት ላይ ይተኛል። ጆርጂያ የሚኖር ቡልዶግ ውጭ ለመዋል የሚያስፈልገው ይህ ነው።

እኔ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ለ11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የሐምሌ ቀትር አንዲት ቡልዶግ በፎጣ ተጠቅልላ መጣች። የልጅ ልደት ነበር፣ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ቆይታለች። አተነፋፈሷ ውሃ የጠፋበት ቧንቧ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ይመስላል። ምላሷ ወይን ጠጅ ሆኗል። ሙቀቷ 41.6 ነበር። ጤነኛ ውሻ ከ39 ብዙም አያልፍም። በቀዝቃዛ ውሃ አራስናት፣ ማራገቢያ አበራንላት፣ ኦክስጅን ሰጠናት። ተረፈች። ባለቤቷ ግድግዳውን ተደግፈው «እኮ 40 ደቂቃ ብቻ ነው የወጣችው» ይሉ ነበር፣ ደጋግመው። እሳቸው አላጠፉም። ማንም አልነገራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም። የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ አየሩ በአፍንጫውና በአፉ እርጥብ ሥጋ ላይ ሲመላለስ። ቡልዶግ ሲራባ አጥንቱ አጠረ እንጂ ውስጥ ያለው ሥጋ አብሮ አላጠረም። ላንቃው ረዝሞ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። የአፍንጫው ቀዳዳ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። ሰው «ሲያንኮራፋ ያምራል» ይላል። ያ ውሻ አየር እያጠረው ነው።

መውለዱም እንደዚያው ነው። በ2010 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከ10 የቡልዶግ ወሊዶች ከ8 በላይ የሚሆኑት በኦፕራሲዮን መሆናቸውን አሳይቷል። የቡችሎቹ ጭንቅላት ትልቅ፣ የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ይዞ የእንግሊዙ ቡልዶግ የፍየል በረት አጠገብ ቀርቶ ጥላ ሥር እንኳ የጆርጂያን በጋ አይችልም። ፍቅሩ ግን እውነት ነው። የዋህ፣ ልጅ ወዳድ፣ ሶፋ የሚወድ ውሻ ነው። ጥፋቱ የእኛ የሰዎቹ እንጂ የእሱ አይደለም።

ሻጩ «የድሮው የእርሻ ቡልዶግ» ያለው ሌላ ነው፤ አሜሪካን ቡልዶግ ይባላል። የዚህኛው ታሪክ ደስ ይላል።

ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ደቡብ የመጡ ገበሬዎች ውሻውን ይዘውት መጡ። ትርዒቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ማለቴ ነው። ደቡብ ውስጥ ሥራ ነበረው። ያኔ አጥር የሚታጠረው ለእህሉ ነበር፤ ከብቱና አሳማው ጫካ ይለቀቃል። ፍሎሪዳ ከብት በነፃ መልቀቅን የከለከለችው በ1949 ነው። የዱር አሳማም ሞልቷል። የስፔኑ ዴ ሶቶ በ1539 አሳማ ይዞ ፍሎሪዳ ወርዶ ነበር፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የጠፋው ሁሉ ጫካ ውስጥ ተራብቷል። ጫካ ያደገ ወይፈን ወይም አሳማ በጥሪ አይመጣም። ሄዶ የሚይዘው ያስፈልጋል። ለድሃ ገበሬ ቡልዶጉ ገመዱም አጥሩም እሱ ነበር። ማንም መልኩን አልዳኘም። የያዘ ተራባ፣ ያልያዘ አልተራባም።

አጥር ሲበዛ ሥራው ቀነሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ውሻው የቀረው እዚህም እዚያም ርቀው ባሉ እርሻዎች ብቻ ነበር። ያኔ ጆን ጆንሰን የሚባሉ የሰመርቪል፣ ጆርጂያ ሰው እየዞሩ የቀሩትን ይሰበስቡ ጀመር። አለን ስኮት የሚባሉ ሌላ ሰውም አብረዋቸው ሠሩ። ኋላ መንገዳቸው ተለያየ። የጆንሰን ውሾች ግዙፍና ፊታቸው አጠር ያለ ሆኑ። የስኮት ውሾች ቀለል ያሉ፣ አፋቸው ረዘም ያለ፣ ሯጭ ናቸው። ዛሬም ሻጮች «ጆንሰን ነው፣ ስኮት ነው» ይላሉ። ዩናይትድ ኬነል ክለብ የተባለው ማኅበር ዝርያውን በ1999 መዝግቧል። ወንዱ እስከ 55 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል።

ሲሠራ አይቼዋለሁ። ደቡብ ጆርጂያ አንድ ገበሬ የኦቾሎኒ ማሳውን የዱር አሳማ ገልብጦበት ሌሊት አብሬ ወጣሁ። ፊት የሄዱት ሌሎች ውሾች ናቸው። እነሱ አሽትተው ያገኛሉ፣ ይከባሉ፣ ይጮኻሉ፣ አይነኩም። ቡልዶጓ ከሰውየው አጠገብ በማሰሪያ ቆማለች። ደረቷ ላይ የአሳማ ክራንቻ የማይበሳው ወፍራም ጃኬት፣ አንገቷ ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ቀበቶ አለ። አትጮኽም። እግሯ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ማሰሪያው ሲፈታ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ጨለማው ውስጥ ገባች። ከዚያ የአሳማው ጩኸት። ስንደርስ ጆሮው ሥር ነክሳ በሙሉ ክብደቷ ተንጠልጥላለች። ሁለት ሰዎች የኋላ እግሩን ይዘው አሰሩት። እሷ አሁንም አልለቀቀችም። ሰውየው እንጨት በመንጋጋዋ ጎን አስገብቶ ቀስ ብሎ ፈለቀቃት። ከለቀቀች በኋላ እጄን ላሰችኝ።

ለዚህ ነው ቀብዱን አይስጡ የምለው። ቡልዶግ የሥራ ውሻ ነው ወይ ላሉኝ፣ አዎ ነው። ሥራው ግን የሚሮጥን እንስሳ ይዞ ማቆም ነው። እርስዎ ደግሞ የሚፈልጉት ፍየሎቹ ሲሮጡ ዝም ብሎ የሚያይ ውሻ ነው። ፍየል ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይጮኻል። አንድ ሌሊት ነጎድጓድ ይመጣና 22ቱም ይበረግጋሉ። ለሦስት መቶ ዓመት «የሚሮጠውን ያዝ» ተብሎ የተራባ ውሻ ያኔ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ከፍየል ጋር በሰላም የሚኖር ቡልዶግ የለም አልልም። ከቡችላነቱ ያደገበት፣ ሰው ቀን ቀን የሚያየው አለ። ሌሊት ብቻውን ከመንጋ ጋር ግን አላሳድረውም።

እኔ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ቆላው ውስጥ ነው። መከታ የሚባል ውሻ ነበረን። መከታ ጅብ ይዞ አያውቅም። ጅብ ሲሸትተው ይነሳል፣ በጋጣውና በጨለማው መካከል ይቆማል፣ ይጮኻል። ጅቡ ወደ ግራ ሲል እሱም ወደ ግራ ይሄዳል። አሳድዶ አይርቅም። ሥራው ያ ብቻ ነበር፤ አባቴ እስኪወጡ ድረስ መሃል መቆም። እርስዎም የሚያስፈልግዎ የመከታ ዓይነት ነው።

ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ ያራቧቸው ዝርያዎች አሉ። ግሬት ፒረኒስ ከፈረንሳይና ስፔን ተራሮች፣ አናቶሊያን ሼፐርድ ከቱርክ የመጡ ናቸው። ጆርጂያ ውስጥ ሁለቱንም የሚያራቡ ፍየል አርቢዎች ያገኛሉ። ለሙቀቱ አጭር ፀጉር ያለውን አናቶሊያን እመርጣለሁ። ቡችላውን ፍየል መካከል ከተወለደበት ቤት ይግዙ፣ እናትና አባቱ ሥራ ላይ ሲሆኑ ይዩ። ቢቻል ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ወደ ካዮቲው ሲሄድ ሌላው ከመንጋው አይለይም። ቡችላ ግን ወዲያው አይጠብቅም፣ ብቻውን ለማመን አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያው ግልገሎቹን ሌሊት ጋጣ ውስጥ ይዝጉባቸው፤ አባቶቻችን ያደርጉት እንደነበረው። አጥሩ ውጭ በኩል ዝቅ ብሎ አንድ መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘርጉ። ካዮቲ መጀመሪያ የሚሞክረው ከሥር ቆፍሮ መግባት ነው።

ሻጩ ሌላ ስም ከጠራልዎም እንዲያውቁት ያህል፦ ኦልድ ኢንግሊሽ ቡልዶግ የሚባለው ስሙ የድሮ ቢሆንም በ1971 ዴቪድ ሌቪት የተባሉ የፔንሲልቬንያ ሰው የጀመሩት አዲስ ዝርያ ነው። የእንግሊዙን ቡልዶግ ከቡልማስቲፍ፣ ከፒት ቡልና ከአሜሪካን ቡልዶግ አዳቅለው ትንፋሹን ለመመለስ ሞክረዋል። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። የፍየል ጠባቂ ግን እሱም አይደለም። ፈረንሳይ ቡልዶግ ደግሞ ትንሿ የቤት ውሻ ናት፤ የትንፋሽ ችግሯ ከእንግሊዙ አይለይም።

አቤልስ? የልጅ ምኞት ዝም ብሎ አይገፋም። ከፍየሉ ነገር ለይተው ያስቡበት። ለቤት፣ ለጓደኝነት፣ በር ላይ ለመቆም የስኮት ዓይነት አሜሪካን ቡልዶግ ጥሩ ውሻ ነው። መጀመሪያ የቤት ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ፤ ይህን ዝርያ የማይሸፍኑ ኩባንያዎች አሉ። ከዚያ ሻጩን የዳሌ ራጅ ውጤት ይጠይቁት። በዘር የሚተላለፉ ሁለት በሽታዎች አሉባቸው፤ አንዱ ኤንሲኤል የሚባል የነርቭ በሽታ፣ ሌላው ኢክቲዮሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ። ለሁለቱም የዘረመል ምርመራ አለ፣ ወረቀቱን ያሳይዎ። «ወላጆቹ ጤነኛ ናቸው» ማለት ወረቀት አይደለም። 1,800 ዶላር ማውጣት ካልፈለጉም የደቡብ የውሻ መጠለያዎች በአሜሪካን ቡልዶግ ክልሶች የተሞሉ ናቸው። ብዙዎቹ ጠባያቸው የታወቀ፣ ያደጉ ውሾች ናቸው።

የትኛውንም ለማየት ሲሄዱ አቤልን ይዘውት ይሂዱ። ቀትር ላይ ይሂዱ። ሻጩ የቡችላውን እናት በማሰሪያ ይዞ ሜዳውን 20 ደቂቃ እንዲያዞራት ይጠይቁት። ስትመለስ አቤል አጠገቧ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሿን ይስማ። የሚሰማው ማለክለክ ብቻ ከሆነ ወደ ወረቀቱ ይለፉ። ማንኮራፋት ወይም ማፏጨት ከሰማ አመስግነው ወደ መኪናዎ ይመለሱ።